ውፍረትና ነቀርሳ

በአገራችን አንድ ሰው የቆየ ወዳጁን ሲያገኝ «ወፈርህ፤ ተስማማህ» ቢለው ማመስገኑ ነው። «ምነው ከሳህ» ካለው ግን ማዘኑ ነው። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኃብን ለሚያውቅ ሕዝብ ሥጋ መጨመር የደኅንነት ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ልማድን ከዕውቀት ጋራ ማስተያየት የተማሪ ፋንታ ስለሆነ በዚህ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት ለ13 ዓይነት ነቀርሳ እንደሚያጋልጥ በቂ ማስረጃ መኖሩን አስታወቀ። ከነዚህም መካከል የትልቁ አንጀት፤ የጉበት፤ የኩላሊት፤ የቆሽት፤ እንዲሁም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው የጡት ነቀርሳ ይገኛሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ስብ እንደ ስንቅ ከረጢት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በይበልጥ የሚገኘው ከስብ ሲሆን፤ ይህም የጡትን ሕዋሳት እንዲራቡ ይገፋፋል። ደግሞም ከልክ በላይ በወፈረ ሰው ደም ውስጥ ኢንሱሊን ይበዛል፤ ሰውነቱም ውስጥ ውስጡን እንደ ተቆጣ ይቆያል። ሕዋስ በተደጋጋሚ በተራባ ቁጥር ከሥርዓት የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል።

ልኩን ለማወቅ ኪሎን ለቁመት ማካፈል፤ የተገኘውንም እንደገና ለቁመት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.60 ሜትር፤ ክብደቱ 64 ኪሎ የሆነ ሰው 25 ያገኛል። ከ18.5 በታች ክሳት ነው፤ 25 ሲደርስ ውፍረት ይጀምራል፤ 30 ሲደርስ ብርቱ ውፍረት ይባላል።

በዚያው በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ 100 ሴቶች መካከል 22ቱ ከሲታ ሲሆኑ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ብቻ ነበሩ። «እንግዲያስ ነቀርሳ የኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከሁሉ አብልጠው የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን በር ነቀርሳዎች ናቸው። የማኅፀን በር ነቀርሳ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ከሲታና ወፍራም አይለይም። በጌዶ ወይም በጊንጪ ገጠር እንጨት ተሸክማ የምትውል ቀጭን እናት ከዚህ አታመልጥም። እንደዚሁም ትምባሆና አረቄ ከሲታውንም ያጠቃሉ። በቆሎ በሰፊው በሚመረትባት በባኮ አካባቢ ላሉ ደግሞ፤ የሻገተ እህል ጉበትን ለነቀርሳ የሚያጋልጥ መርዝ ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ ይገባል።

በሌላ በኩል የከተማው ኑሮ እየተለወጠ ነው። ከጉደር በኩል ያለው ገበሬ አምቦ ገበያ በእግሩ ሲደርስ፤ እኛ ግን አጭሯን መንገድ በባጃጅ እንሄዳለን፤ ቀኑንም ተቀምጠን እንውላለን። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ በእግር መሄድ፤ ጎመንና ጥራጥሬ አለመናቅ፤ በስኳር ከተሞላው ለስላሳ ይልቅ የአምቦን ውኃ መምረጥ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ አደራም አለብን። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ነቀርሳ መከላከያ ክትባት ጀምሯል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶችም ቀላል ምርመራ አለ። ጨረር የሚሰጠው ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከአምቦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያ መንገድ ዘግይቶ ለሚሄድ በሽተኛ ይብሱን ይረዝማል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን እንንገር። በጡት ላይ የወጣ እብጠት፤ ያለ ጊዜው የሚፈስ ደም፤ ያለ ምክንያት የመጣ ክሳት፤ እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም የሚታዩ ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።