ፈቃድ፣ ይሁንታ፣ ማጽደቅ፦ በእንግሊዝኛ የፕሮጀክት ሰነዶች የሚገኙ የፈቃድ ቃላት

ከአጋር ድርጅቶች ጋር የምንፈራረማቸው ውሎችና የምንለዋወጣቸው ደብዳቤዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በውስጣቸው ደጋግመው የሚመጡ፣ እኛ ግን በአማርኛ ሁሉንም «ፈቀደ» ብለን የምናልፋቸው በርካታ ቃላት አሉ። ልዩነታቸውን አለማስተዋል ያልጸደቀ ወጪ እንዲወጣ ወይም ባለይዞታው ሳይስማማ መሬቱ እንዲቆፈር ምክንያት ይሆናል።

የፈቃድ ቃል ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የውጫሌ ውል ምስክር ነው። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል። ኢጣሊያ ግን የራሷን ቋንቋ ቅጂ ይዛ ቃሉን እንደ ግዴታ ተረጎመችው። ይህ ልዩነት በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

1. ፐርሚት

ሕግ ወይም መሥሪያ ቤት አንድን ተግባር እንዳይከለክል ማድረግን ያመለክታል። ሲነበብ ጥብቀቱ በሁለተኛው ክፍል ላይ ካረፈ ግስ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ካረፈ ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን ራሱን ይጠራል። ፐርሚት የተሰጠው ሰው ሥራውን መሥራት ይችላል እንጂ የመሥራት ግዴታ የለበትም።

2. አፕሩቭ

ሥሩ በላቲን መፈተንንና መልካም ሆኖ ማግኘትን ይገልጻል። ስለዚህ ለዕቅድ፣ ለበጀትና ለሪፖርት ይውላል፤ የአማርኛ አቻውም «አጸደቀ» ነው። ነገር ግን «ኦቭ» የሚለው መስተዋድድ ሲከተለው ትርጉሙ ወደ «ወደደ፣ መልካም ነው አለ» ይለወጣል። አንድ ኃላፊ ሐሳባችንን ወደዱት ማለት በጀታችንን አጸደቁ ማለት አይደለም።

3. ኦቶራይዝ

ሥልጣን ያለው አካል ለሌላው ሥልጣን መስጠቱን ያመለክታል። በጀቱ ቢጸድቅም ክፍያው የሚፈጸመው ሥልጣን የተሰጠው ፈራሚ ሲፈቅድ ነው። ማጽደቅና ክፍያ ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው።

4. ኢንዶርስ እና ኖ ኦብጀክሽን

ኢንዶርስ ከላቲኑ «ጀርባ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ከቼክ ጀርባ ላይ መፈረምም በዚሁ ስም ይጠራል። በልማት ሰነድ ውስጥ ድጋፍን ይገልጻል። ኖ ኦብጀክሽን ደግሞ «ተቃውሞ የለኝም» ማለት ነው፤ የዓለም ባንክ በሚደግፋቸው ግዢዎች የታወቀ አነጋገር ነው። ባንኩ ተቃውሞ የለኝም ቢልም የግዢው ኃላፊነት ከፈጻሚው ትከሻ አይወርድም።

5. ሳንክሽን

ይህ ቃል እርስ በርሱ የሚቃረን ፍቺ አለው፤ ማጽደቅም ማዕቀብም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ አገባብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በምንጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ባንጠቀምበት ይሻላል።

6. ኮንሰንት

ከሁሉ የላቀ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። ከላይ ያየናቸው በአመዛኙ ከባለሥልጣን ወደ አመልካች የሚወርዱ ናቸው። ኮንሰንት ግን ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካው ሰው የሚሰጠው ይሁንታ ነው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በፈጸሙት ሙከራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ የተሰጠው ፍርድ፣ ከ10 መርሖቹ በመጀመሪያው የተሞካሪውን የፈቃደኝነት ይሁንታ ግድ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫም ይሁንታው ከግፊት ነጻ፣ ከሥራው የሚቀድምና በቂ መረጃ የተሰጠበት እንዲሆን ያስቀምጣል። ስለ ሕፃናት ስንናገር ደግሞ እንግሊዝኛው ይለያል፦ አሳዳጊው የሚሰጠው ኮንሰንት፣ ሕፃኑ ራሱ የሚገልጸው ስምምነት አሰንት ይባላል።

በምሳሌ ሲታይ

አንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ እንውሰድ። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ንድፉን ያጸድቃል (አፕሩቭ)። አስተዳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል (ኢንዶርስ)። ለጋሹ በጀቱን ያጸድቃል (አፕሩቭ)፤ ሥልጣን ያለው ኃላፊም ክፍያውን ያዝዛል (ኦቶራይዝ)። ነገር ግን ቧንቧው የሚያልፈው በአንዲት አረጋዊት እናት ማሳ ከሆነ፣ ከላይ የተደረደሩት ማኅተሞች ሁሉ የእርሳቸውን ይሁንታ (ኮንሰንት) አይተኩም። ጉዳዩ በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው፣ «አይሆንም» የማለት ነጻነት ኖሯቸው «ይሁን» ካላሉ፣ ሰነዱ ቢሟላም ፈቃዱ ጎዶሎ ነው።

ፈቃድ የሚመስሉ፣ ፈቃድ ያልሆኑ

«ኖትድ» ማለት «አይተነዋል»፣ «ሪሲቭድ» ማለት «ደርሶናል» ማለት ብቻ ነው። «አፕሩቭድ ኢን ፕሪንሲፕል» ሐሳቡ ተቀባይነት ማግኘቱን እንጂ ሥራው እንዲጀመር መፈቀዱን አይገልጽም። «ሰብጀክት ቱ» ካለ ደግሞ ቀጥሎ የተጻፈው ቅድመ ሁኔታ መሟላት አለበት። ዝምታም በውሉ ውስጥ እንደ ፈቃድ እንደሚቆጠር በግልጽ ካልተጻፈ በቀር ፈቃድ አይደለም።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲደርሰን ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? የፈቀደው ምኑን ነው? በምን ቅድመ ሁኔታ? ከሦስቱ አንዱ ግልጽ ካልሆነ፣ ሥራውን ከመጀመራችን አስቀድመን በጽሑፍ ማብራሪያ እንጠይቅ።