የማህፀን ሽፋን ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን፦ መውለድ ለዘገየባቸው የምርመራ ቅደም ተከተል

መውለድ የዘገየባት ሴት በየክሊኒኩ ደጋግማ ከምትሰማቸው ቃላት አንዱ «ኢንፌክሽን አለብሽ» የሚለው ነው። አንዱ ጋ ፈሳሽ ታይቶ፣ ሌላው ጋ አልትራሳውንድ ተነሥታ፣ ሦስተኛው ጋ ደግሞ ምንም ሳትመረመር ይነገራታል። መድኃኒት ይታዘዝላታል፣ ትውጣለች፣ ፅንሱ ግን አይመጣም። በዓመቱ ያው ቃልና ያው መድኃኒት ይደገማል።

ሐኪሞች ክሮኒክ ኢንዶሜትራይቲስ የሚሉት የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሥር የሰደደ ብግነት በእርግጥም ያለ በሽታ ነው። ከመካንነት፣ ፅንስ ማህፀን ላይ አልጣበቅ ከማለቱና ከተደጋጋሚ ውርጃ ጋር ይያያዛል። ሆኖም በፈሳሽ ቀለምም፣ በደም ምርመራም፣ በአልትራሳውንድም አይረጋገጥም። የሚረጋገጠው ከሽፋኑ የተወሰደ ናሙና ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ነው። ናሙናውም ቢሆን ቀኑን ጠብቆ ካልተወሰደና በተገቢው ዕቃ ካልተላከ ገንዘብም ጊዜም ይበላል እንጂ መልስ አይሰጥም። ይህ መመሪያ የሚያተኩረውም በእነዚህ ላይ ነው።

ስለ በሽታው በአጭሩ

ሽፋኑ በየወሩ ከወር አበባ ጋር እየወረደ ኢንፌክሽኑ እንዴት ይሰነብታል? የሚወርደው የላይኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሥረኛው ክፍል ይቀራል፣ ሕመሙም እዚያው ይቆያል። መንስኤዎቹ ብዙ ጊዜ ከብልት ወደ ላይ የሚወጡ ተራ ባክቴሪያዎች ናቸው፦ ኢ. ኮላይ፣ ኢንቴሮኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ማይኮፕላዝማና ዩሪያፕላዝማ። ጨብጥና ክላሚዲያም ድርሻ አላቸው። ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ የማህፀን ቲቢ አብሮ መታሰብ አለበት።

ብዙዎቹ ሴቶች ምንም ምልክት አይኖራቸውም። ቢኖርም ቀለል ያለ ነው፦ ከወር አበባ ውጪ ጠብ የሚል ደም፣ የታችኛው ሆድ መክበድ፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ማህፀን ውስጥ መሣሪያ ማስገባት ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ምርመራው እንደሚያስፈልግዎ ይለዩ

ያለ መከላከያ እየተገናኙ 12 ወር ያለፋቸው ጥንዶች፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ 6 ወር ያለፋቸው፣ የመካንነት ምርመራ ይጀምራሉ። ይህ ማለት ግን ከሁሉም ሴት ናሙና ይወሰዳል ማለት አይደለም። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት፦

- ሁለትና ከዚያ በላይ ውርጃ፤
- በአይ.ቪ.ኤፍ. (ከሰውነት ውጪ በሚደረግ ፅንሰት) ጥሩ ፅንስ ተደጋግሞ ገብቶ አለመጣበቅ፤
- ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ወይም የማህፀን ጠረጋ ታሪክ፤
- በወር አበባዎች መካከል የሚታይ ደም፤
- ከበፊቱ በጣም ያነሰ ወይም የቀረ የወር አበባ፤
- ራስዎ ወይም አብሮዎት የኖረ ሰው ቲቢ ታሞ ከነበረ፤
- ሌላው ምርመራ ሁሉ ደህና ሆኖ መንስኤው ካልታወቀ።

ደረጃ 2፦ ቀላሉን አስቀድሙ

የባል ዘር ሳይመረመር የሚስት ማህፀን ውስጥ መግባት በአገራችን የተለመደ ጥፋት ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ አያሳምምም፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ከዚያ የሴቷ እንቁላል በየወሩ መውጣቱ ይታያል፤ ቀጥሎ የማህፀን ቱቦ ራጅ ይነሣል። ራጁ የሚነሣው ወር አበባው ካበቃ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ነው።

ፊልሙን ወይም ሲዲውን እንጂ የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ይዘው አይሂዱ። እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተቆራረጠ ቱቦ ወይም እርስ በርሱ የተጣበቀ የማህፀን ግድግዳ ከታየ ቲቢ ይጠረጠራል፤ ይህም ከዚህ በኋላ ያሉትን ደረጃዎች ይለውጣል። አልትራሳውንድም ጥቅም አለው፤ ፖሊፕ፣ እጢ፣ ቅሪት ወይም ውኃ የቋጠረ ቱቦ ያሳያል። «ኢንፌክሽን ይታያል» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ግን ብቻውን ለመድኃኒት ምክንያት አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ታሪክዎን ጽፈው ይግቡ

ወሊድ፣ ውርጃ፣ ጠረጋ፣ ሉፕ፣ የአባላዘር በሽታ፣ የቲቢ ሕክምና፤ እያንዳንዱን ከዓመቱ ጋር በአንድ ገጽ ያስፍሩ። በቅርብ ወራት የወሰዷቸውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ስማቸውን ከባዶ ማሸጊያው ላይ ይገልብጡ። መድኃኒት ላይ ሆነው የሚሰጡት ናሙና በሽታው እያለ «ንጹሕ» ሊባል ይችላልና፣ ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለብዎ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አማት ወይም ባል አብረው ገብተው ከሆነ ከጋብቻ በፊት የነበረ ውርጃ አይነገርም። የተደበቀው ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ፍንጭ ነው። «ዶክተር፣ ለብቻዬ ላናግርዎ» ማለት መብትዎ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤል ወይም በዓረብ አገር የሚታከሙ ከሆነ የቲቢን ነገር ራስዎ ያንሱ። ቲቢ እምብዛም በማይታይበት አገር የሚሠራ ሐኪም ላያስበው ይችላል።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ይቁጠሩ

አንደኛ ቀን የሚባለው ደሙ በደንብ መውረድ የጀመረበት ነው፤ ቀድማ የታየች ጠብታ አትቆጠርም።

ለተራው ባክቴሪያ ብግነት ናሙናው የሚመረጠው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ቀን ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ጤናማ ሽፋንም ያብጣል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎችም ይበዙበታል። በዚያን ጊዜ የተወሰደ ናሙና ጤናማዋን የታመመች፣ የታመመችውን ጤናማ ሊያስመስል ይችላል።

ለቲቢ ግን ተቃራኒው ነው። የቲቢ ምልክት የሆኑት ግራኑሎማ የሚባሉ የሴል ጉብታዎች እስኪጎለብቱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሽፋኑ ሲወርድም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ናሙናው ወር አበባ ሊመጣ በቀረው ሳምንት ይወሰዳል።

ለምሳሌ ዑደትዎ 28 ቀን ሆኖ የወር አበባዎ ጥቅምት 1 ቢመጣ፣ በዋናነት የሚጠረጠረው ተራው ባክቴሪያ ከሆነ ከጥቅምት 6 እስከ 12፣ ቲቢ ከሆነ ከጥቅምት 22 እስከ 28 ይቀጠራሉ። በዚያ ወር ኮንዶም ይጠቀሙ ወይም ከግንኙነት ይታቀቡ፤ በቀጠሮው ቀንም የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። የወር አበባዋ የቀረ ሴት እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በማንኛውም ቀን ናሙና መስጠት ትችላለች።

ደረጃ 5፦ መሣሪያው ከተገኘ በካሜራ ማየት

ሂስተሮስኮፒ ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር አስገብቶ ውስጡን በፈሳሽ ዘርግቶ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለዚህ በሽታ አምስት ምልክቶችን ለይቷል፦ እንጆሪ የሚመስል ነጭ ነጥብ ያለበት ቅላት፣ በአንድ ቦታ የተወሰነ ቅላት፣ የደም ነጠብጣቦች፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሱ ጥቃቅን ፖሊፖች፣ እንዲሁም የሽፋኑ እብጠት። ጥቃቅኖቹ ፖሊፖች በፈሳሹ ውስጥ ሲወዛወዙ ይታያሉ፤ አልትራሳውንድ ግን አያያቸውም።

መሣሪያው ያለው በትልልቅ ሆስፒታሎችና በመካንነት ሕክምና ማዕከላት ነው። ከመንግሥት ተቋማት በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። በካሜራ የታየውም ቢሆን በናሙና መረጋገጥ ስላለበት ሁለቱ በአንድ ቀጠሮ ቢሠሩ ይመረጣል። ካሜራው ካልተገኘ በናሙናው ብቻ መቀጠል ይቻላል።

ደረጃ 6፦ አንድ ናሙና፣ ሁለት ብልቃጥ

ናሙናው የሚወሰደው 3 ሚሊ ሜትር ያህል በሚወፍር የፕላስቲክ ቱቦ እየተሳበ ነው። ሙሉ ማደንዘዣና ጠረጋ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ሕመሙ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው፤ አስቀድሞ ስለሚወሰድ ማስታገሻ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከአልጋው አጠገብ ባለው ትሪ ላይ ሁለት ብልቃጥ መኖር አለበት። አንደኛው ፎርማሊን ያለበት ነው፤ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል። ሁለተኛው ከጀርም የጸዳ፣ ፎርማሊን ያልነካው፣ ትንሽ ሳላይን ያለበት ነው፤ ለባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት) እና ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ይሄዳል። ፎርማሊን ሴሉን ጠብቆ ያቆያል፣ ባክቴሪያውን ግን ይገድለዋል። ናሙናው በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ በኋላ «ካልቸርም ይሠራልኝ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ሥራው ሳይጀመር ነው።

ብልቃጡን ይዞ ላብራቶሪ ፍለጋ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ባል ወይም እህት ነው። የፎርማሊኑ ቢያድር ችግር የለውም፤ የሳላይኑ ግን በዚያው ቀን መድረስ አለበት። ከክፍሉ ሳይወጡ ሁለቱም ላይ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ቀን መጻፉን ያረጋግጡ። በመጠየቂያው ወረቀት ላይም የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀንና ጥያቄው በግልጽ ይስፈር፦ «ፕላዝማ ሴል አለ? ግራኑሎማ አለ?» ይህን ያልተጠየቀ ፓቶሎጂስት ካንሰር አለመኖሩንና ሽፋኑ በየትኛው የዑደት ምዕራፍ እንዳለ ብቻ ጽፎ ሊመልስ ይችላል።

ከናሙናው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቁርጠትና ትንሽ ደም ይኖራል። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ካለ ወዲያውኑ ይመለሱ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን አብረው ያንብቡ

ፓቶሎጂስቱ የሚፈልገው በሽፋኑ እጢዎች መካከል ባለው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የዚህ ብግነት ምልክት የሆነው ፕላዝማ ሴል መኖሩን ነው። በተለመደው ቀለም ሲታዩ እነዚህ ሴሎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለሚመሳሰሉ ሊያመልጡ ይችላሉ። ሲ.ዲ. 138 የሚባለው ልዩ ማቅለሚያ ለይቶ ያወጣቸዋል። ነገር ግን የእጢዎቹንም ሴሎች ስለሚያቀልም አንባቢው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማቅለሚያው በሚኖሩበት ከተማ ባይገኝ እንኳ ናሙናው በሰም የተቀበረበት ብሎክ ላብራቶሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ ተረክበው ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሊልኩት ይችላሉ፤ አዲስ ናሙና መስጠት አያስፈልግም።

ስንት ፕላዝማ ሴል ሲገኝ በሽታ ይባላል? ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም። አንዱ ላብራቶሪ በጥቂቱ «አለ» ይላል፣ ሌላው ተጨማሪ ይጠብቃል። «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ሳይሆን ስንት እንደተቆጠረና በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሆነ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ካልቸሩም ብቻውን አይፈርድም። ናሙና መውሰጃው ቱቦ በማህፀን በር ሲያልፍ የብልት ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ስለሚችል፣ ፕላዝማ ሴል ሳይኖር የበቀለ ባክቴሪያ በሽታ አያረጋግጥም። የካልቸር ዋና ጥቅም መድኃኒት መምረጥ ላይ ነው። ከብልት በጥጥ የተወሰደ ናሙናም ማህፀን ውስጥ ያለውን አይናገርም።

ጂን ኤክስፐርት ማሽን ላይ ከገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ የቲቢ ካልቸር ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በማህፀን ቲቢ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ከቱቦ ራጁ፣ ከታሪክዎና ከፓቶሎጂው ጋር ተገናዝቦ ይወሰናል።

ደረጃ 8፦ ታክመው እንደገና ይረጋገጥ

ለባክቴሪያው ብግነት በብዛት የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚ.ግ. በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ነው። በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም፤ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛም አይደለም። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከተገኘ ባልም አብሮ ይታከማል፤ አለዚያ መልሶ ያስይዛል። ሉፕ፣ ፖሊፕ ወይም ቅሪት ካለ ሳይወጣ መድኃኒቱ ብቻውን ላያድን ይችላል። ቲቢ ከሆነ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማትም በነጻ ይሰጣል።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በሚቀጥለው ዑደት፣ በዚያው የቀን ስሌት፣ ሁለተኛ ናሙና ይወሰዳል። ፕላዝማ ሴሉ ከጠፋ ይህ ምዕራፍ ተዘጋ። ካልጠፋ በካልቸሩ መሠረት መድኃኒቱ ይቀየራል እንጂ ያው አይደገምም።

ከታከሙ በኋላ ፅንስ የመያዝ ዕድል እንደሚሻሻል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ሕመምተኞችን በመከታተል የተሠሩ እንጂ በዕጣ ተመድበው የተነጻጸሩባቸው ሰፋፊ ሙከራዎች አይደሉም። የጸዳ ናሙና አንድ መሰናክል መነሣቱን ያሳያል፤ ልጅ እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም። ቲቢ ቱቦውን ዘግቶ ከሄደ በሽታው ቢድንም ቱቦው ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ ስለ አይ.ቪ.ኤፍ. መነጋገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለምርመራው ከመነሻው ገደብ ያብጁለት። ተራው ብግነት ከናሙና እስከ ድጋሚ ማረጋገጫ ጥቂት ዑደቶች ይበቁታል፤ ከዚያ ያለፈ ፍለጋ የእንቁላልን ዕድሜ ይበላል። ዕድሜዎ 35 ካለፈ ውጤቱን እየጠበቁ ሳለ «ይህ ካልሠራ ቀጣዩ ምንድን ነው? መቼስ ይጀመራል?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ መልሱንም ከነቀኑ ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።