ማስረጃውም እንደ ቡናው በወቅቱ ይሰብሰብ
ለቡና አምራች አርሶ አደሮችና ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ምክር

ወደ ውጭ የሚላክ ቡና በስኒ ተቀምሶ ብቻ አያልፍም። ገዢው ጣዕሙን ከወደደው በኋላ «የማን ማሳ ላይ በቀለ? ማሳው ከዚህ በፊት ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ አዲስ አበባ ያለው ላኪ ከራሱ መልስ ሊያወጣ አይችልም፤ መልሱ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ጀንፈልዎ ከጎረቤት ጀንፈል ጋር አንድ ክምር ላይ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ለይቶ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ!

የአውሮፓው ሕግ ምን ይጠይቃል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ማሳ ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ቡናው በአገራችን ሕግ መሠረት የተመረተ መሆንም አለበት። አፈጻጸሙ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅና ለመካከለኛ አስመጪዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. እንዲጀምር ተወስኗል። ጊዜው ቢራዘምም የደን መመንጠሪያው ቀን አልተነካም።

በሕጉ ተጠያቂው አስመጪው ነው፤ አርሶ አደሩ ወረቀት እንዲያወጣ አልተገደደም። ነገር ግን አስመጪው መረጃ የሌለውን ቡና አይገዛም፤ ጫናው ዞሮ ዞሮ ማሳው ድረስ ይመጣል።

ያረጀ ቡና መጎንደል፣ ነቅሎ በዚያው ማሳ መተካት፣ የበቆሎ ማሳን ወደ ቡና መቀየር ደን መመንጠር አይባልም። ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ የባሕር ዛፍ ተክልን ነቅሎ ቡና መትከል ግን እንደ ደን ምንጠራ ሊቆጠር ስለሚችል አስቀድመው የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ።

ማሳዎን በትክክል ያስመዝግቡ

ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ድንበሩን ዙሪያውን በመዞር መላ ቅርጹ ይወሰዳል።

መዝጋቢው ሲመጣ አብረውት ማሳው ድረስ ይሂዱ። በረንዳ ላይ ቡና እየተጠጣ የተወሰደ ነጥብ ቤትዎን እንጂ ማሳዎን አያሳይም። ማሳው መካከል ይቁም፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ዛፍ ሥር ስልኩ ነጥቡን ለማግኘት ስለሚዘገይ ጥቂት ደቂቃ ይታገስ። ከዚያ ቁጥሩን አብረው ይመልከቱ። ለምሳሌ ይርጋጨፌ አካባቢ ያለ ማሳ 6.162345 እና 38.205678 የሚመስል ቁጥር ይሰጣል። ከነጥቡ በኋላ 6 አኃዝ መኖር አለበት። 2 ብቻ ተጽፎ የቀረው ከተቆረጠ ነጥቡ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊስት፣ ማሳዎም ካርታ ላይ ደን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለት ቦታ ማሳ ያለው ሰው ሁለት ነጥብ ያስመዘግባል። ስሙም ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር ይመሳከር። ደብተሩ በሟች አባት ስም ሆኖ ቡናውን ልጅ የሚሸጥ ከሆነ፣ ወይም ደብተሩ ላይ ባልና ሚስት ሰፍረው ምዝገባው ላይ አንዱ ብቻ ከተጻፈ፣ ቀበሌ መሬት አስተዳደር ሄደው ከለቀማ በፊት ያስተካክሉ።

ደረሰኝ ሳይዙ አይመለሱ

እሸትም ሆነ ጀንፈል ሲያስረክቡ ቀኑ፣ ኪሎው፣ የአባልነት ቁጥርዎና ስምዎ የሰፈረበት ደረሰኝ ይቀበሉ። የዘመድ ወይም የጎረቤት ቡና በስምዎ አያስረክቡ። ከማሳዎ ስፋት ሊወጣ የማይችል ኪሎ በስምዎ ሲገኝ የማኅበሩ መረጃ ሁሉ ይጠረጠራል።

ማኅበራት ደግሞ የተመዘገበውን ቡና ካልተመዘገበው ለይተው በየራሱ አልጋ ያድርቁ፤ አልጋው ላይ ቁጥር ይለጠፍ። ምንጩ የማይታወቅ ቡና ከተቀላቀለ ሕጉ ሙሉውን ጭነት ይከለክላል።

ጆንያውን ይጠርጥሩ

በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው በማሸጊያ ጆንያ ላይ ነው። አርሶ አደሩ ማሳው ላይ መድኃኒት ሳይረጭ፣ ጆንያ ብቻ ገበያ ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው።

ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል የተያዘበት ጆንያ ታጥቦም ቢሆን ለቡና አይሁን። ቡናና መድኃኒት አንድ ክፍል አያስቀምጡ። ጀንፈሉን መሬት ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ያድርቁ፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ቡና ሻጋታ ያወጣል፤ የሻጋታ መርዝም በቤተ ሙከራ ይታያል።

የኦርጋኒክ እና የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት

እነዚህ ገዢው በፈቃዱ የሚጠይቃቸው ናቸው፤ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኙ ይችላሉ፤ የደን ሕጉን መረጃ ግን አይተኩም። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ ነው፤ ቡናዎን በጎን ለሌላ ነጋዴ ሲሸጡ እንደ ተራ ቡና ይሸጣል።

ለኦርጋኒክ፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል የተከለከለ ኬሚካል ካቆሙ በኋላ 36 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ማኅበሩ የራሱን የውስጥ ቁጥጥር አቋቁሞ እያንዳንዱን አባል በየዓመቱ ይፈትሻል፤ የውጭ መርማሪው ደግሞ ጥቂቱን መርጦ ማሳው ድረስ ይሄዳል። አንድ አባል ቢረጭ ጉዳቱ ወደ ሁሉም ይደርሳል። ከጎረቤት የሚነፍስ ርጭት ካለ ለማኅበሩ ወዲያው ያሳውቁ።

ከመጫኑ በፊት

የጥራት ደረጃና የቅምሻ ውጤት፣ የእጽዋት ጤና ሰርተፊኬት እና የትውልድ ቦታ ሰርተፊኬት በላኪው ወይም በዩኒየኑ በኩል ይወጣሉ። እርስዎ ዩኒየኑን የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ ማሳዬ ለአስመጪው በተላከው ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ?

ከለቀማ በፊት ይህን ይጨርሱ

1. የይዞታ ደብተሩን፣ የማሳውን ነጥብና የአባልነት ደብተሩን ቅጂ በአንድ ላስቲክ ያስቀምጡ።
2. በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስምዎን፣ የማሳውን ስፋትና የነጥቡን ቁጥር ራስዎ አይተው ያረጋግጡ። ማንበብ ካስቸገረዎ ልጅዎ ያንብብልዎ።
3. የሚጠቀሙበትን መድኃኒት ስም፣ የረጩበትን ቀንና ማሳውን በደብተር ይጻፉ፤ ካልረጩም «አልተረጨም» ብለው ይጻፉ።
4. ንጹሕ ጆንያ ለይተው ያስቀምጡ።
5. ደረሰኞችን ቢያንስ ለ5 ዓመት አይጣሉ፤ አስመጪውም መረጃውን ለዚህን ያህል ጊዜ የመያዝ ግዴታ አለበት።

መዝጋቢ ያልደረሰበት ማሳ ካለዎት እሸቱ ሳይቀላ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ይንገሩ። በጥቅምትና በኅዳር ሁሉም እጅ ለቀማ ላይ ነው፤ ነጥብ የሚወስድልዎ ሰው ያኔ አያገኙም።