የሰውን ቃል ማድረስ

ስለ ቀጥተኛና ኢቀጥተኛ ንግግር፤ ለውይይት ድርሰት መግቢያ

በዚህ ምዕራፍ የምንማረው አንድ ሰው የተናገረውን ቃል ለሌላ ሰው ስለ ማድረስ ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በሰዎች መካከል ከሚነሡት ጠቦች ብዙዎቹ የሚከፉት ቃል በአድራሹ አፍ ላይ ሲለወጥ መሆኑን፣ ከሚበርዱትም ብዙዎቹ የሚበርዱት ቃል ሳይለወጥ ሲደርስ መሆኑን ያስታረቀ ሽማግሌ ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ የሰዋስዉን ሕግ የምናጠናው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር፣ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ በተወሰደ ጉዳይ ላይ ተመሥርተን ይሆናል።

በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ/ ሽማግሌው «ደኑን የወረስሁት ከአባቴ ነው» አሉ።
ለ/ ሽማግሌው ደኑን የወረሱት ከአባታቸው እንደ ሆነ ተናገሩ።

በ«ሀ» የተጻፈው ቀጥተኛ ንግግር ይባላል። የተናጋሪው ቃል እንዳለ ተወስዷል፤ በጽሕፈትም በትእምርተ ጥቅስ ተከቧል። «የወረስሁት» የሚለው ግሥ በአንደኛ መደብ ነው። በ«ለ» የተጻፈው ግን ኢቀጥተኛ ንግግር ነው። ግሡ ወደ ሦስተኛ መደብ ተለውጧል፤ «አባቴ» የነበረው «አባታቸው» ሆኗል፤ «እንደ» የሚለው ቃልም ገብቶ ነገሩን ከተናጋሪው አፍ ወደ ጸሐፊው ብዕር አሻግሮታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በየዕለቱ ስንነጋገር የምንጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው መንገድ ነው። «ወንድምህ ምን አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «ነገ እመጣለሁ አለ» ይላል እንጂ «ነገ እንደሚመጣ ገለጸ» አይልም። የሚመጣው ወንድሙ ሆኖ ሳለ «እመጣለሁ» የሚለው ልጁ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሰውን ቃል በአፉ ሲያደርስ ዘወትር «እኔ»ን ወደ «እርሱ» ይለውጣል። አማርኛ ግን የባለቃሉን «እኔ» እንዳለ ይወስዳል። የሌላውን ቃል የሚያደርስ ሰው፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፣ በዚያ ሰው ቦታ ቆሞ «እኔ» ይላል። ይህ የቋንቋችን ጠባይ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በታች እናያለን።

ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን የምትባል ከተማ ናት። ከእርስዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ቴፒ ይገኛል። አገሩ ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ኮረሪማ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለቀምበት፣ ማር ከደን የሚወርድበት ነው። በዚህ አካባቢ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካ፣ ካፋ፣ መዠንግር፣ መኢኒት፣ ዲዚና ሱሪ፣ ሌሎችም ሕዝቦች ይኖራሉ። ቋንቋቸውም የተለያየ ነው። የቤንች ቋንቋ ብቻውን አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት፤ አንድ ቃል በድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ብቻ ትርጉሙ ይለወጣል። ከመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ስለዚህ የቤንች ሽማግሌ ለመዠንግር ሽማግሌ የሚናገሩት ቃል ብዙ ጊዜ በአማርኛ በኩል፣ ብዙ ጊዜም በአስተርጓሚ አፍ ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር ቃልን በትክክል ማድረስ የፈተና ጥያቄ ለመመለስ ብቻ የሚጠና አይደለም።

ወደዚህ አገር ከሌላ ስፍራ የመጣውም ሕዝብ ጥቂት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍሩ፣ ከፊሎቹ የመጡት ወደ ያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለቡና ለቀማና ለእርሻ ከከምባታ፣ ከወላይታ፣ ከሲዳማና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከነባሩ ወገን አንድ ሽማግሌ፣ ከመጣው ወገን ደግሞ አንድ ገበሬ በሽማግሌዎች ፊት ቆመው ይናገራሉ ብለን እናስብ። ንግግራቸው ለትምህርቱ የተዘጋጀ ነው፤ ነገሩ ግን በአካባቢው ሲነገር የኖረ ነው።

የመጀመሪያው ሰው እንዲህ ይላሉ፦ «ይህ ደን ጠፍ መሬት አይደለም። የአባቴ ቀፎ በየዛፉ ላይ ተሰቅሏል። የእኔና የጎረቤቴ ድንበር በጅረትና በዛፍ የታወቀ ነው። ወረቀት ስላልነበረኝ መሬቱ ባለቤት የለውም ተባለ። ዛፉ ተቆረጠ፤ ንቡም ሄደ።»

ሁለተኛው ሰው እንዲህ ይላሉ፦ «እኔ በመኪና ተጭኜ የመጣሁ ሰው ነኝ። በረኃብና በወባ የሞቱብኝን ልጆች የቀበርሁት እዚህ ነው፤ የተረፉትን ያሳደግሁትም እዚህ ነው። ግብር እከፍላለሁ። ውጣ ብባል የምገባበት አገር የለኝም።»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በሸካ ደኖች ኮቦ የሚባል ነባር የይዞታ ሥርዓት አለ፤ በዚህም ሥርዓት ደኑ ለዓይን ዱር ቢመስልም እያንዳንዱ ክፍል የማን እንደ ሆነ፣ ቀፎ ሊሰቅልበት፣ ቡናና ቅመም ሊለቅምበት የሚችለው ማን እንደ ሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በመዝገብ ላይ ባለመጻፉ ግን ከውጭ የመጣ ሹም ባዶ መሬት አድርጎ አየው። ሁለተኛውም ሰው «ውጣ ብባል» ማለታቸው ከባዶ የመጣ ፍርሃት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ከጉራ ፈርዳ ወረዳ እንዲወጡ ተደርጓል።

አሁን እነዚህ ቃላት በገበያ ውስጥ አልፈው እንዴት እንደሚደርሱ ተመልከቱ። ለገበሬው፦ «ሽማግሌው ሰፋሪ ይውጣልኝ እያሉ ነው» ተብሎ ይነገራቸዋል። ለሽማግሌው ደግሞ፦ «ገበሬው መሬቱ የኛ ነው እያሉ ነው» ይባላል። ወደ ላይ ተመልሳችሁ ብታነቡ፣ ሽማግሌው «ይውጣልኝ» የሚል ቃል አልተናገሩም፤ ገበሬውም «የኛ ነው» አላሉም። አንደኛው ስለ ጠፋ ንብ ተናገሩ፤ ሌላው ስለ መቃብር ተናገሩ። አድራሹ ግን ከንግግራቸው የራሱን ፍርሃት ሰምቶ ያንኑ አደረሰ።

ስለ «ሰፋሪ» አንድ ቃል ጨምረን እንለፍ። «ሰፋሪ» ሰፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ነው። በ1977 ዓ.ም. በመኪና ለመጣው ሰው ስሙ ይስማማዋል። በዚያው ቀበሌ ተወልዶ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ የልጅ ልጁ ግን መቼ ሰፈረ? አንድም ቀን ያልሰፈረን ሰው ሰፋሪ ማለት የሰዋስው ስሕተት ነው። «መጤ» የሚለው ቃል ደግሞ ስድብ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ በሚጻፍ ድርሰት ውስጥ ቦታ የለውም። በሌላ በኩል ነባሩን ሕዝብ በራሱ ስም ሳይሆን ጎረቤት ባወጣለት የንቀት ስም መጥራት ያው ጥፋት ነው። በደቡብ ምዕራብ ስም ቀላል ነገር አይደለም፤ ምዕራብ ኦሞ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ በኋላ የቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ቤንች ሸኮ መባሉን ልብ ይሏል።

ቃል ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን የቴፒ ታሪክ ያስረዳል። በየኪ ወረዳ የሚኖሩ የሸኮና የመዠንግር ተወላጆች ስለ ወረዳው አስተዳደርና በአስተዳደሩ ውስጥ ስላላቸው ድርሻ ለዓመታት ጥያቄ ሲያቀርቡ ቆይተው ነበር። በመጋቢት ወር 1994 ዓ.ም. ነገሩ በቴፒና በአካባቢዋ ወደ ደም መፋሰስ ደረሰ፤ ብዙ ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶችም ተቃጠሉ። መንግሥት የሰጠው የሟቾች ቁጥርና ሌሎች ወገኖች የተናገሩት ቁጥር እጅግ የተራራቀ ነበር። ከዚያም በኋላ ሰላም ጸንቶ አልቆየም። በ2011 ዓ.ም. ቴፒ እንደገና ታወከች፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ በጉራ ፈርዳ ታጣቂዎች ነዋሪዎችን ገደሉ፣ ሌሎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ።

ከላይ ያለውን አንቀጽ የጻፍንበትን መንገድ መርምሩ። በአንዱ ዓረፍተ ነገር «ታጣቂዎች ነዋሪዎችን ገደሉ» ብለናል፤ ግሡ አድራጊ ነው፤ ባለቤቱም ተገልጿል። በሌላው ግን «ቤቶችም ተቃጠሉ» ብለናል፤ ግሡ ተደራጊ ነው፤ ያቃጠለው አልተጠራም። ተደራጊ ግሥ ነውር የለበትም። አድራጊው በርግጥ ሳይታወቅ ሲቀር ተገቢው እርሱ ነው። አድራጊው እየታወቀ ለመሸሸግ ሲባል ሲገባ ግን ሐሰት ሳይናገሩ ማታለል ይሆናል። በግጭት ስፍራ የሚጻፉ ሪፖርቶች የራስን ወገን ጥፋት በተደራጊ፣ የሌላውን ወገን ጥፋት በአድራጊ የመጻፍ ልማድ አላቸው፤ «ከእኛ ወገን ጥይት ተተኰሰ፤ እነርሱ ግን ተኰሱብን» እንደ ማለት ነው። ይህን ልማድ ያወቀ አንባቢ በቀላሉ አይታለልም።

ቃል አድራሹ የሚመርጠው ግሥም ፍርድ ይሰጣል። «አለ» ፍርድ የለበትም። «አመነ» ሲባል ግን ጥፋት እንደ ነበረ አስቀድሞ ተወስኗል፤ «ካደ» ሲባል ሐሰተኛ ተብሏል፤ «ዛተ» ሲባል ጠላት ሆኗል፤ «ቀባጠረ» ከተባለ ደግሞ የሚሰማውም የለ። ገበሬው «የምገባበት አገር የለኝም» ያሉትን አንዱ «አለቀሱ» ብሎ፣ ሌላው «አልወጣም ብለው ዛቱ» ብሎ ሊያደርሰው ይችላል። ጸሐፊ ከተጠራጠረ «አሉ»ን ይምረጥ።

«አሉ» ሌላም አገልግሎት አለው፤ ይህኛው አደገኛ ነው። «ማታ ሊመጡብን ነው አሉ» ሲባል ያለው ማን ነው? በሰዋስው ግሡን የሚፈጽመውን ቃል «ባለቤት» እንለዋለን። የዚህ «አሉ» ባለቤት የለም። አሉባልታ የሚለው ቃልም ይህንኑ ግሥ በድምፁ ይዞ ይዞራል። በቡና አገር ገበያ እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ጧት ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ይደርሳል፤ ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህማ ጧት እንኳ አይፈጅበትም። ወሬው ሲደርሳችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ የሰዋስው ጥያቄ ነው፦ የግሡ ባለቤት ማን ነው?

ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ1988 ዓ.ም. ምስክሮችን መስማት ሲጀምር፣ ሀገሪቱ አሥራ አንድ ይፋዊ ቋንቋዎች ስለ ነበሯት ቃሉ የሚተላለፈው በአስተርጓሚዎች ነበር። አስተርጓሚዎቹ በሥራቸው ደንብ መሠረት የምስክሩን ቃል በአንደኛ መደብ ያደርሱ ነበር። «ልጄን ገደሉብኝ» ያለችውን እናት ቃል፣ አስተርጓሚው «ልጄን ገደሉብኝ» ብሎ ያደርሳል። አንዳንድ ጊዜም የገዳዩን ቃል «እኔ ገደልሁት» ብሎ ያስተላልፋል። ይህ ሥራ ስሜታቸውን ክፉኛ እንደ ጐዳው አስተርጓሚዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። «እርስዋ ልጅዋ እንደ ተገደለባት ገለጸች» ማለት እንዲህ አይጐዳም፤ ነገር ግን ለሰሚውም እንዲሁ አይደርስም።

በሀገራችንም በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል። አሥራ አንዱ ኮሚሽነሮች በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተሾሙት ለሦስት ዓመት ሲሆን፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጊዜው በአንድ ዓመት ተራዝሟል። ከየወረዳው የተመረጡ ሰዎች የአካባቢያቸውን ጥያቄ ይዘው በክልል ደረጃ እንዲያቀርቡ ተደርጓል። አንዳንድ የፖለቲካ ፓርቲዎች ሒደቱ ገለልተኛ አይደለም ብለው አልተሳተፉም። በሒደቱ ላይ ያለው አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጥያቄ በእያንዳንዱ ደረጃ ሲጠቃለል የባለቃሉ «እኔ» እየጠፋ «የመሬት አጠቃቀም ጉዳይ» ወደሚል ርእስ መለወጡ አይቀርም። ርእሱ ያስፈልጋል። ንቡ የሄደባቸው ሽማግሌ ግን በዚያ ርእስ ውስጥ ራሳቸውን ማግኘት አለባቸው።

ስለዚህ የውይይት ድርሰት ስትጽፉ ይህን ሥርዓት ጠብቁ። የራሳችሁን አሳብ ከመግለጻችሁ በፊት የተቃራኒውን ወገን አሳብ በአንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፉ። ስትጽፉም በመጀመሪያ በ«እኔ» ጻፉት፤ ቀጥሎ ወደ «እርሱ» ወይም «እርስዋ» ለውጡት። ከዚያ አንቀጹን ያን አሳብ ለሚደግፍ የክፍል ጓደኛችሁ አንብቡለት። «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» ካላለ አንቀጹ አልተጠናቀቀም፤ እንደገና ይጻፋል። «እርግጥ ነው፣ ግን…» ብላችሁ በአንድ መስመር ማለፍ አይፈቀድም። አንቀጹ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አልስማማም ማለት የጸሐፊው መብት ነው፤ ሽማግሌዎችም ሁለቱን ወገን አዳምጠው ሲያበቁ ለአንዱ ይፈርዳሉ።

መልመጃ

1. የሽማግሌውንና የገበሬውን ንግግር ወደ ኢቀጥተኛ ንግግር ለውጡ። «አሉ» እና «ተናገሩ» ከሚሉት በቀር ሌላ አድራሽ ግሥ አትጠቀሙ። ሲለወጥ ምን እንደ ቀረ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

2. ከሰማችሁት የሬዲዮ ዜና አምስት ተደራጊ ግሦች አውጡ። በእያንዳንዱ አድራጊው ያልተጠራው ስላልታወቀ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?

3. «ደኑ ለቡና እርሻ ይመንጠር» እና «ደኑ ለማርና ለዱር ቡና ይጠበቅ» በሚሉት አሳቦች ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈል። እያንዳንዱ ተማሪ የማይደግፈውን ወገን ንግግር በአንደኛ መደብ፣ ከአንድ ገጽ ሳያንስ ጽፎ ለዚያው ወገን ያንብብ። እርማቱን የሚሰጠው መምህሩ ሳይሆን ሰሚው ወገን ነው።