ያለ መኪና የሎዋርን ቤተ መንግሥቶች መጎብኘት ይቻላል?

ጥያቄ፦ በመስከረም ለሥራ ፓሪስ እሄዳለሁ፤ ከሥራው በኋላ ሦስት ቀን ይተርፈኛል። መኪና አልነዳም። የሎዋር ሸለቆን ቤተ መንግሥቶች እንዴት ብጎበኛቸው ይሻላል?

መልስ፦ አይስጉ፤ ባቡር ይበቃዎታል። ማረፊያዎን ቱር ከተማ ያድርጉ፤ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

በመጀመሪያው ቀን ሸኖንሶን ይዩ፤ ጣቢያው ከግቢው አጠገብ ነው። ካትሪን ደ ሜዲቺ በሼር ወንዝ ላይ ያሠራችው ረጅም አዳራሽ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቁስለኞች ሆስፒታል ነበር። በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ ወንዙ ከእግርዎ ሥር ያልፋል።

በማግስቱ ወደ አምቧዝ ይሂዱ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1519 ያረፈበት ክሎ ሉሴ የተባለው ቤት እዚያው ነው።

ሦስተኛውን ቀን ለሻምቦር ይተዉት። ባቡር ስለማይደርስ ከብሏ ጣቢያ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዙ፤ የአውቶቡሱ ሰዓት እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ አስቀድመው ያረጋግጡ። ዝነኛው ጥምዝ ደረጃ ድርብ ነው፦ ወጪና ወራጅ በቀዳዳዎቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም።

በቀን ከአንድ በላይ አይደራርቡ። ቲኬትዎን ቀድመው ቆርጠው በሩ ሲከፈት ይድረሱ፤ ክፍሎቹን ሳይጋፉ በእርጋታ ያያሉ።