ከማትሪክ እስከ ሬሜዲያል፦ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ ግዴታ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ ለመባል ስንት የሳይንስ ትምህርት ማለፍ አለበት?

አዛውንቱ፦ በአንዳንድ አገር መልሱ በደንብ ተጽፎ ይገኛል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ለምሳሌ፣ ሁለት ዓመት ሳይንስ ትጠይቃለች፤ አንዱ ስለ ሕይወት ያላቸው፣ ሌላው ስለ ቁስ አካል። በኢትዮጵያ ግን ግዴታውን የሚወስነው ፈተናው ነው። አገር አቀፍ ወረቀት ላይ የማይመጣ ነገር በሥርዓተ ትምህርቱ ቢሰፍርም ክፍል ውስጥ ይቀራል። ይህን የያዘ ሰው ሌላውን ለውጥ ሁሉ በቀላሉ ይከተላል።

ወጣቱ፦ ለውጡ ከየት ይጀምራል?

አዛውንቱ፦ በንጉሡ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር፤ ከዚያ ማትሪክ የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና መጣ፤ ማትሪክም ደርግን ተሻግሮ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይታለፉ ነበሩ፣ ነጥቡም ከአምስት ትምህርት ይወጣ ነበር።

ዋናው ለውጥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፤ ዘጠነኛና አሥረኛ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ደግሞ መሰናዶ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እስከ አሥረኛ ለማንም አይቀሩም። ከዚያ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ማለትም ናቹራል፣ የገባ ሦስቱንም ይዞ ይቀጥላል፤ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ማለትም ሶሻል፣ የገባ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይተካቸዋል። ሒሳብ ከሁለቱም አይለይም፤ ሒሳብን ሸሽቶ ሶሻል የገባ ተማሪ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሦስቱንም ሳይንስ ይዞ ይመጣ ነበር። ኋላ ጠበቃ የሚሆነውም ነጋዴ የሚሆነውም በዕድሜው አንድ ጊዜ ስለ ሴል፣ ስለ አሲድ፣ ስለ ፍጥነት አገር በሙሉ በሚፈተነው ወረቀት ይጠየቅ ነበር። በእርግጥ የሚጠየቀው ከአራት ፊደል አንዱን እንዲያጠቁር ብቻ ነበር።

ወጣቱ፦ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የመጣው በዚያው ጊዜ ነው አይደል?

አዛውንቱ፦ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ ሳይንስ ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች ፕላዝማን እንደ አንድ የመማሪያ መሣሪያ ጠቅሰውት ያልፋሉ። ፕላዝማ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለውን ትምህርት በሳተላይት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት፣ በእንግሊዝኛ ለመላ አገሪቱ የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ የክፍለ ጊዜው እምብርት የስክሪኑ ነው። እስከ ስድስተኛ ወይም እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስን በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ የማያውቀው ሰው በማያውቀው የአነጋገር ዘዬ ስለ ኤሌክትሮን ያወራለታል። ማስታወሻ ሲጽፍ ስላይዱ ያልፋል። ስላይዱን ሲከተል ማስታወሻው ይቀራል። ጥያቄ ቢኖረው ስክሪኑ አይቆምለትም፣ መምህሩም ስርጭቱን ማስቆም አይችልም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ፤ በማግስቱ የሚቀጥለው ምዕራፍ እንዳልተቋረጠ ሆኖ ይመጣል።

ወጣቱ፦ ግን ጋሼ፣ ቤተ ሙከራ ያልነበረው የገጠር ትምህርት ቤት በፕላዝማ ቢያንስ ሙከራ አይቷል።

አዛውንቱ፦ ማየቱ አይካድም። ከባዱ ጉዳት ግን ከዚያው ማየት ውስጥ ነው የመጣው። ስክሪን ላይ የሚደረግ ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካል። አመልካቹ በጊዜው ቀለሙን ይቀይራል፣ ዝቃጩ በጊዜው ይወርዳል፣ ቴርሞሜትሩ መጽሐፉ ያለውን ቁጥር ያሳያል። ሳይንስን ሳይንስ የሚያሰኘው ደግሞ ተማሪው የለካው ቁጥር ከመጽሐፉ ሲለይ ለምን ተለየ ብሎ መጠየቁ ነው፤ ቡሬቱ ውስጥ አየር ቀርቶ ይሆን? ኬሚካሉ በትክክል ሳይመዘን ቀርቶ ይሆን? ይህን የሚያስተምረው የተበላሸ ሙከራ ነው፣ የተበላሸ ሙከራ ደግሞ አይሰራጭም። ከዚያ ወዲህ ሙከራው በቴሌቪዥን ታይቷልና ቤተ ሙከራ ለምን ይከፈታል የሚል ሰበብ ተገኘ። ለኬሚካል የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞም ትንሽ ነበር፤ አሁን የማይጠየቅ ሆነ። የኬሚስትሪ መምህር የስክሪን ጠባቂ ሆነ። አዲስ የተመረቀ መምህር እጁን ሳያፍታታ ዓመታት አለፉት። እርሱ ያስተማረው ተማሪም መምህር ሆኖ ሲመጣ ቴስት ቲዩብ አያያዝ የሚያሳየው ሰው አልነበረም።

ወጣቱ፦ ከፕላዝማ በፊትስ ቤተ ሙከራ በየትምህርት ቤቱ ይሠራ ነበር?

አዛውንቱ፦ በትልልቆቹ ከተሞች በተወሰኑት ይሠራ ነበር። ወደ ግዴታው እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሰባ በመቶው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወሰነ። ናቹራል የወደፊት እንጀራ ሆነና ቤተሰቡም ልጁም ወደዚያው ተገፋ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ጸጥ ያለ ቢመስልም ከሁሉ የከበደ ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ብዙ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከመንገድ እንዳይወጣ ታስቦ ነውና መቅረቱ በጎ ጎን አለው። ነገር ግን ሶሻል የሚገባ ተማሪ ከስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና በኋላ ሳይንስን በትምህርት ቤቱ ፈተና ብቻ ይፈተናል ማለት ነው። ለእርሱ ግዴታው በወረቀት አለ፤ የሚለካው የራሱ መምህር ብቻ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በሰባተኛና በስምንተኛ ተለያይተው የነበሩትን ሦስቱን ሳይንስ አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ አደረጋቸው። በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ለናቹራል ተማሪ እርሻ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለት ገባ። በአርሶ አደር አገር እርሻ በሳይንስ መግባቱ የሚያስደስት ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ላይ ግን እንደ ፊዚክስና እንደ ኬሚስትሪ ስፍራ አላገኘም። ተማሪውም የፈተናውን ዝርዝር አይቶ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚገልጥ ያውቃል።

ወጣቱ፦ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህስ?

አዛውንቱ፦ የ2014 ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ፤ ማለፊያውም ሃምሳ በመቶ ሆነ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ያለፉት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። ከናቹራል 22,936 ሲያልፉ ከሶሻል ያለፉት 6,973 ብቻ ነበሩ። ናቹራል ይከብዳል ብሎ የሸሸ ሁሉ ቁጥሩን መልሶ ቢያየው መልካም ነው። ሃምሳ ካላመጡት ውስጥ የተመረጡት ሬሜዲያል ወደሚባለው የማካካሻ ትምህርት ገቡ፤ ናቹራሎቹ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንደገና ተማሩ። በሁለተኛ ደረጃ ሊያልቅ የሚገባው ግዴታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሸጋገረ ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ይደረግ ይላሉ፣ ጋሼ?

አዛውንቱ፦ ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ለኬሚስትሪ፣ ለፊዚክስና ለባዮሎጂ ከጽሑፉ ወረቀት ሌላ የተግባር ወረቀት አላት። ተማሪው ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ውጤቱን ይተነትናል። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራውን መዝጋት አይችልም።

ወጣቱ፦ በእኛ አገር ኩረጃው፣ ወጪውስ?

አዛውንቱ፦ ኩረጃ በጽሑፉም አለ። ወጪው እውነት ነው፤ ሁሉንም ትምህርት በአንድ ዓመት ማድረግ አይቻልም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ፣ በአንድ ቲትሬሽን መጀመር ይቻላል፦ አንድ ቡሬት፣ አንድ ፒፔት፣ አንድ ብልቃጥ፣ የቀጠነ አሲድና ቤዝ፣ ጥቂት ጠብታ አመልካች። ለዚህ ሳተላይትም መብራትም አያስፈልግም።