በትር ወይስ አገልግሎት? ከብላንታየር ሚሲዮን ታሪክ የምንማረው



የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የላከቻቸው ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1876 በዛሬይቱ ማላዊ አንድ ጣቢያ መሠረቱ። በዴቪድ ሊቪንግስቶን የትውልድ ከተማ ስምም ብላንታየር አሉት። ከባርያ ፍንገላ የሸሹ ሰዎች ወደዚያ ተጠጉ። በስፍራው የቅኝ ገዥ መንግሥት ገና አልተተከለም ነበርና ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ዳኛም ቀጪም ሆኑ። ሰዎችን በጅራፍ ገረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 አንድ ሰው በሞት ቀጡ። ነገሩ በስኮትላንድ በተሰማ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ መርማሪዎች ልካ የጣቢያውን ኃላፊ ከሥራው አነሣች።

እ.ኤ.አ. በ1881 የመጡት ዴቪድ ክሌመንት ስኮት ግን የሕዝቡን ቋንቋ አጥንተው መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ከ1888 እስከ 1891 በአገሬው ሠራተኞች እጅ ያሳነጹት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ሚሲዮናውያኑ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ባይሆኑም ታሪካቸው ለእኛም ተግሣጽ ነው። መልካም ዓላማ ብቻውን ሰባኪን ከሥልጣን ፈተና አያድነውም። ጌታችን በማቴዎስ 20፥25-28 ለደቀ መዛሙርቱ ያሳያቸው መንገድ የአገልጋይ መንገድ ነው። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በየቁምስናችን ሕፃናትን የምናስተምረው በማስፈራራት ነው ወይስ በማክበር?